አዴ ጫልቱ ቢጫ ያዩበት መስከረም

በአገራችን የታመመ ሰው የለም። አናምንም ካላችሁ ደጃፋችሁ ወጥታችሁ ያገኛችሁትን ጠይቁ። «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ወይ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው፣ ወይ የተጣላችሁት ጎረቤት ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከተጂ ገጠር በቃሬዛ የመጣ ገበሬ ነበር። ተሸካሚዎቹ ሊያርፉ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ሲያስቀምጡት አላፊ አግዳሚው እየቆመ ሰላም ይለዋል፤ እሱም ከተኛበት እጁን አውጥቶ እየጨበጠ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ? ከብቱስ? ልጆቹስ?» ይላል። ደህና ሆኖ በቃሬዛ የሚሄድ ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

መንቀፌ አይደለም። ምስጋናውስ ይገባዋል፤ በመከራም በደስታም አመስግኑ የተባልነውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤዋለሁ። የሚገርመኝ ሰውነታችን እየጮኸ አፋችን የሚዘምረው ነገር ነው። ሰውነት ጩኸቱን ሲያበዛብን ደግሞ ጥፋቱን ለወቅቱ እንሰጠዋለን። በሐምሌ ያሳለን ብርዱ ነው፤ በግንቦት ያዞረን ፀሐዩ ነው፤ በጾም ጉልበት ያጣነው ጾሙ ነው፤ በፋሲካ ሆዳችንን የቆረጠን ፍስኩ ነው። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ምክንያት ጠፍቶብን አያውቅም።

አማቴ በዚህ ረገድ አቻ አልነበራቸውም። አማትን በስም መጥራት ነውር ስለሆነ እኔ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት «አዴ» ብቻ እላቸው ነበር፤ እናንተ እንድታውቋቸው ግን ዛሬ አዴ ጫልቱ ልበል፤ አፈሩ ይቅለላቸውና ይቅር ይሉኛል። ተወልደው ያደጉት፣ ተድረው የወለዱትም ሱሉልታ ነው። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ሲቀሩ የልጆቼ አባት ሰበታ እኛ ቤት አመጧቸው። አማርኛም ኦሮምኛም እኩል ይናገራሉ፤ በሁለቱም ደህና ናቸው። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ «አከም ቡልተን?» ሲባሉ «ነጋ፣ ገለተ ዋቃ»። በሁለት ቋንቋ ደህና የሆነን ሰው ማን በሽተኛ ይለዋል?

እንቅርት ነበረባቸው። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ እንቅርት ከበሽታ አይቆጠርም፤ እንደ ጠይምነት፣ እንደ ቅላት የመልክ ዓይነት ነበር። የማተባቸው ክር ከሌላው ሰው ረዘም ይላል፣ በቃ። እያደር ግን ነገር መጣ። ይበላሉ፣ ግን ይከሳሉ። እኛ ጋቢ ደርበን በምንንቀጠቀጥበት ጠዋት እሳቸው ነጠላቸውን ገፈው ከበሩ ላይ ነፋስ ይቀበላሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ትልቁ ያስቆጣቸዋል። እኔ «አማት ናቸው፣ ይቆጡ እንጂ» ብዬ ቻልኩት። ምራት የአማቷን ቁጣ በሽታ ነው ብትል ማን ያምናታል?

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳገቱ መሀል ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። እግራቸው አብጦ ከጫማው ጠርዝ ላይ ተርፏል። ከዚያ በኋላ ጋደም ማለት አቃታቸውና ጆንያ ተደግፈው ማደር ጀመሩ። ያኔም ስንጠይቃቸው ደህና ነበሩ። የልጆቼ አባት ግን ደህንነታቸውን ሳያምኑ አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ሐኪሙ እንቅርቱ ልባቸውን እያቻኮለ እንዳደከመው ነገረን። ተረቱ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል፤ በአዴ የደረሰው በእንቅርት ላይ ልብ ነው።

ከርመው ሲወጡ ለአንገታቸው የሚጠጣ ጠብታ፣ ለልባቸው በየጠዋቱ የምትዋጥ ትንሽ ክኒን በቆርቆሮ ተሰጣቸው። «ክኒኗ ብርቱ ናት፤ ስታንስም ስትበዛም ትጎዳለች፣» ተባልን። እንዲከታተሏቸው ደግሞ ለሰበታ ጤና ጣቢያ አደራ ተሰጠ። በዚህ አደራ ነው ሲስተር ፀዳለ ወደ ቤታችን የገባችው።

ወጣት ናት። ልብሷ ከቆቧ እስከ ጫማዋ ነጭ ነው፤ በዚያ ጭቃ እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚደርስ እስከዛሬ አልገባኝም። መጀመሪያ የገረመኝ አለመቸኮሏ ነበር። ከበር ጀምራ ሰላምታ ታወርዳለች፤ «አከም ቡልተን አዴ? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ? ጎረቤቱስ? ሱሉልታስ ደህና ነው?» አዴም ወግ ያውቃሉና አንዱንም ሳያስቀሩ ይመልሳሉ። እኔ በሆዴ «ይቺ ልጅ ሌላ ሥራ የላትም ወይ?» እላለሁ። ምስጢሩን የነገረችኝ ከተላመድን በኋላ ነው። ሰላምታ ስትሰጥ የምትሰማው መልሱን ሳይሆን ትንፋሹን ኖሯል። አዴ ከብቱ ጋ ሳይደርሱ ትንፋሽ ካጠራቸው ሳምንቱ ከፍቷል። ጎረቤቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አዳርሰው ሱሉልታ ከገቡ ልባቸው አርፏል።

«ደህና ነኝ የሚሉትን ተይው፤ እሱ ለእግዚአብሔር ነው፣» አለችኝ፤ «የኔ ድርሻ በቃልና በቃል መሀል ያለው ነው።»

ያን ያህል ዘመን ሰላምታ ስሰጥና ስቀበል ኖሬ፣ ሰላምታ ውስጥ ሰው እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከሰላምታው በኋላ ከመሬት ትቀመጥና የአዴን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች። ጣቷ ሲነሳ ሊጥ የነኩ ይመስል ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ውኃ ቋጥሯል ማለት ነው። አዴ እግራቸው በሰው ልጅ መነካቱ ያሳፍራቸዋል። «የጸሎተ ሐሙስ ቀን አስመሰልሽው እኮ ልጄ፤ ቄሱ እንኳ እግሬን የሚያጥቡት በዓመት አንዴ ነው፣» ይሏታል። ቀጥላ እጃቸውን ወደ ፊት አዘርግታ ስስ ወረቀት ጣቶቻቸው ላይ ታለብሳለች። ዓይን የማያየውን መንቀጥቀጥ ወረቀቱ ይናገራል። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይርገፈገፍ ነበር። የአንገቱ ጠብታ እየሠራ ሲመጣ ወረቀቱ ሰከነ፤ ከወረቀቱ ጋር የአዴም ቁጣ ሰከነ። የአማት ጠባይ ነው ብዬ ለዓመታት የቻልኩት ነገር በወረቀት ተለክቶ በጠብታ ሲለቅ ሳይ፣ በዚህች አገር ስንቷ አማት መድኃኒት ሳታገኝ ስሟ ጠፍቶ ሞተች አልኩ።

ክብደታቸውም ይታይ ተባለ። ውኃ ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም በዓይን ከመታየቱ በፊት በሚዛን ይታያል አለችን። ሰው የሚመዝን ሚዛን ያኔ ወዴት ተገኝቶ? ገበያው ዳር ሱቅ የነበረው ጋሽ ሰይድ እህል የሚመዝንበት ትልቅ ሚዛን ነበረው። ጆንያውን አንስቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ፣ አዴ ሲወጡበት በጨዋነት ፊቱን ወደ መደርደሪያው መለሰ።

«ሰይዴ፣» አሉ አዴ ሚዛኑ ላይ እንደተቀመጡ፣ «እንደ ሰዉ ጤፍ አጉድለህ እንዳትመዝነኝ።»

«አዴ፣ አንቱንስ በሙሉም ብሸጥ እከስራለሁ፣» አለ ወደ መደርደሪያው እንደዞረ።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ከጤፍና ከኑግ መሀል ተራ ይዘው ይመዘኑ ነበር። ሰዉ ለመደው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሲስተር ፀዳለ ማዳመጫዋን ከአዴ ደረት ላይ አድርጋ እኔን ጠራችኝና የአዴን እጅ አስያዘችኝ። ጣቶቼን ከአንጓቸው በላይ አስቀምጣ፣ ትርታውን ባገኘሁ ቁጥር ራሴን እንድነቀንቅ ነገረችኝ። እሷ በደረት ትሰማለች፣ እኔ በእጅ እዳስሳለሁ። ነቀነቅሁ፣ ነቀነቅሁ፣ ከዚያ ጠፋብኝ፤ ቆይቶ መጣ፣ እንደገና ጠፋ። እኔ ያልቻልኩ መስሎኝ አፈርኩ።

«አልተሳሳትሽም፣» አለች። «ልባቸው መትቷል፤ እኔ ሰምቼዋለሁ። አንዳንዱ ምት ግን ደክሞ እጅ ሳይደርስ ይቀራል። ከልብ በተነሣውና እጅ በደረሰው መሀል ያለውን ልዩነት ነው የምንፈልገው። ልዩነቱ ሲጠብ ልባቸው እየዳነ ነው።»

እኔ ከፊደልና ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝም። ያን ቀን ግን የሰውን ልብ በእጄ ይዤ ነበር። ከልብ የተነሣ ሁሉ እጅ እንደማይደርስስ በሌላ በሌላው አውቅ የለ? ለስንት ሰው ልሰጥ አስቤ፣ ስንቱን ልጠይቅ ተነሥቼ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ። ይህ በሥጋም እንዳለ፣ ደግሞም የሚለካ መሆኑን ግን ማን አስቦት? ማታ ስጸልይ ከወትሮው ረዘም አደረግሁት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ፤ አዴም አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ጀመሩ። «መስቀልን ሱሉልታ ልዋል።» ባላቸው የተቀበሩት እዚያ ነው፤ ከወጡ ወዲህ መቃብራቸውን አላዩም። «ሜዳው አደይ ለብሶ ደመራው ሲነድ አንዴ ልይና፣ ከዚያ በኋላ ልቤን እንደፈለጋችሁ ቁጠሩት፣» ይላሉ። ሲስተር ፀዳለ መስከረም ላይ አይታ እንደምትወስን ነገረቻቸው፤ ትንፋሻቸው ካልከዳቸው፣ እግራቸው ካላበጠ፣ ትርታቸው ከሰከነ ይሄዳሉ። አዴ የሰሙት ሌላ ነው። ደህና ከሆኑ ይሄዳሉ ማለት ለእሳቸው ደህና ነኝ ይበሉ ማለት ነው። ይህን ደግሞ ማን ይችልባቸዋል?

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ጭቃ ሆነና ሲስተር ፀዳለ መምጣት አልቻለችም። ፍልሰታ ገባ። አዴ ደረታቸው ከበድ አለ፤ ከሚደገፉት ጆንያ ላይ ሌላ አስጨመሩ። ጾሙ ነው አልን። ፍልሰታ አለፈ። ቀለል አላቸውና ደስ አለን። ጳጉሜን አልፎ እንቁጣጣሽ ሲገባ ደግሞ ምግብ አስጠላቸው። ጾሙ ለምዶባቸው ነው አልን።

ከዚያ ቢጫው መጣ። አንድ ጠዋት ግድግዳውን እያዩ «አምሯል፣» አሉ። በነጋታው ወተት ስሰጣቸው «ምነው ቅቤ በዛበት?» አሉኝ። የልጆቹ የዓመት በዓል ነጭ ልብስ ቢጫ፣ የልጆቼ አባት ጋቢ ቢጫ። «የሱሉልታ ሜዳ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣» አሉ ፈገግ ብለው። ሰበታም እኮ አደይ በየአጥሩ ፈክቷል፤ በመስከረም ቢጫ ያላየ ማን አለ? እኛ ናፍቆት ነው አልን። የልጆቼ አባትማ የእናታቸውን ነገር ለሰው ሁሉ ያወሩ ጀመር፤ «አገሯን ከመናፈቋ የተነሣ ጋቢዬ ሳይቀር አደይ ሆኖ ይታያታል፣» ይላሉ። የሰማ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ጾም፣ እንቁጣጣሽ፣ ናፍቆት። እንዳልኳችሁ ምክንያት አናጣም።

ዝናቡ አባርቶ ሲስተር ፀዳለ መጣች። ሰላምታው ተጀመረ። አዴ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን አልፈው ሱሉልታ በደህና ገቡ። እግር ተነካ፤ ጎድጎድ አላለም። ወረቀቱ አልተንቀሳቀሰም። የልጆቼ አባት በር ላይ ቆመው ጉዞውን በልባቸው ጀምረውታል። ከዚያ እጃቸውን ያዘች። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለችውን ሰዓት እያየች ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ማዳመጫውን አወጣችና ብዙ ቆየች።

«ልብዎ ዝግ ብሏል፣» አለች።

እኛ ደስ አለን። ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀን የሚጋልብ ልብ ነበር፤ ፈረሱ ሰከነ ብለን ነው። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ክኒኗን በየጠዋቱ አንድ ነው የሚወስዱት?»

«በየጠዋቱ ከቆርቆሮዋ አወጣታለሁ። ምራቴ ታየኛለች።»

እውነት ነው፤ አያቸዋለሁ። ቆርቆሮዋን ገልብጣ አየች፤ የቀረው ልክ ነው።

«ምግብስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ምክንያቱን የሚያስረዳ አንድም ነገር አላገኘችም፤ ግን አልተነሣችም። የልጆቼ አባት ጨዋታ ላምጣ ብለው ያቺን ወሬያቸውን ጣል አደረጉ። «ሲስተር፣ እማ እኮ መስቀልን ቀድማ ጀምራዋለች። ጋቢዬ ሳይቀር አደይ ሆኖ ይታያታል።»

ሲስተር ፀዳለ ቀና አለች። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። የአዴን እጅ ሳትለቅ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እናቴ፣ የኔ ልብስ ምን መልክ አለው?»

አዴ ከቆቧ እስከ ጫማዋ አዩዋት። «ያምራል። ለዓመት በዓሉ ብለሽ ቢጫ አደረግሽው አይደል? ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ።»

ልብሷን እኔም አየሁት፣ የልጆቼ አባትም አዩት። የኛ ቤት ግድግዳ ጭስ ጠግቦ የጠቆረ ነው፤ መሀሉ ላይ እሷ እንደ ወተት ነጭ ሆና ተቀምጣለች።

«እናቴ፣» አለች፣ «እግዚአብሔርን እኔም አመሰግነዋለሁ። አሁን ግን እሱ የሚያውቀውን ለእኔም ንገሩኝ።»

በዚያ ቤት ተሰምቶ የማያውቅ ቃል ከአዴ አፍ ወጣ።

«አመመኝ፣» አሉ። «ምግቡ ይሸተኛል። ሆዴ ይገላበጣል። ስነሣ ያዞረኛል። ብናገር ሱሉልታን ትከለክይኛለሽ ብዬ ነው።»

«ክኒኗስ?»

አዴ የነጠላቸውን ጫፍ ሳቡና ቋጠሮውን ፈቱ። ውስጡ ጥቂት ክኒኖች ነበሩ። ነገሩ የገባን በዚያ ቋጠሮ ነው። ፍልሰታን ሙሉ ጠዋት ክኒኗን ከቆርቆሮ ያወጧታል፣ እኔ ሳይ በእጃቸው ይይዟታል፣ ውኃ መጎንጨት ጾም ይሽራል ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሯታል። ከሰዓት በኋላ ሲገድፉ ለምን እንዳልዋጧት ብትጠይቁኝ፣ ጠዋት የተባለ ጠዋት ነው ብለው ነው። ጾሙ ሲያልቅ ደግሞ አሰቡ። የታጎለ ጸሎት ይመለሳል፤ የታጎለ ስግደት ይሰገዳል፤ የታጎለ ክኒንስ ዝም ብሎ ይቀራል? በየጠዋቱ ከቆርቆሮዋ አንድ፣ ከቋጠሮው ደግሞ የታጎለውን እየጨመሩ ዕዳቸውን ይመልሱ ነበር። ከእግዚአብሔርም ከሐኪሙም ሳይጣሉ ለመኖር እኮ ነው።

ሲስተር ፀዳለ አልተቆጣችም። «እናቴ፣ ልብ ቀኖና አይቀበልም፣» አለች። «ያለፈች ክኒን አልፋለች። ይቺ መድኃኒት በማግስቱ ወጥታ አትሄድም፤ እንደ እንስራ ውኃ ትጠራቀማለች። ሲሞላ ልብን ታዘገያለች፣ ምግብ ታስጠላለች፣ ዓለሙን ሁሉ ቢጫ ታደርጋለች። አደዩን ያበቀለችው እሷ ናት።»

የጤና ጣቢያው ላንድሮቨር መጣ። አዴን ከነጆንያቸው አስደግፈን፣ እሷ እጃቸውን እንደያዘች ዓለም ገናን አልፈን አዲስ አበባ ገባን። መንገዱን ሙሉ ጣቶቿ ከአንጓቸው ላይ አልተነሡም። ሆስፒታሉ ደጅ ስንደርስ የልጆቼ አባት ከኋላ ሆነው እንደ ሕፃን ይነፋረቁ ነበር። ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ አንድ ሐሙስ ብቻ ቀርቷቸው እንደደረሱ ነገረን። ክኒኗ ቆመች። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ እንስራው በራሱ ጊዜ እስኪጎድል። አንዷ ነርስ ስትሄድ ሌላዋ እየመጣች እጃቸውን ትይዛለች፣ ደረታቸውን ታዳምጣለች፣ ስለ አንሶላው መልክ ትጠይቃለች። ሰውን ከሞት አፍ የሚመልስ ነገር ትልቅ ድምፅ ያለው ይመስለኝ ነበር። እነዚያ ሴቶች ጫማቸው እንኳ አይሰማም።

መስቀል በዚያ አለፈ። በዕለቱ ሲስተር ፀዳለ ከሰበታ አንድ እቅፍ አደይ ይዛ መጣችና ከአዴ አልጋ ላይ፣ ከነጩ አንሶላ መሀል አኖረችው። «የቱ ነው አበባው?» አለቻቸው።

አዴ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩ። «አበባው ይሄ ነው። አንሶላውም ግን ትንሽ ትንሽ ያብባል።»

አደዩ ጠውልጎ ከተጣለ ከቀናት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሳይጠየቁ «አለሚቱ፣» ብለው በሙሽርነት ስሜ ጠሩኝ፤ «ይህን አንሶላ አጠቡት ወይ? ነጭ ሆኗል።» እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የሆስፒታል ግድግዳ ለዚያ የተሠራ ይመስለኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ የንስሐ አባታችን ሊጠይቋቸው መጡ። የሆነውን ሁሉ ሰምተው «ለታመመ መድኃኒት ጾም አይሽርም እኮ ልጄ፤ ምነው ሳትጠይቂኝ?» አሏቸው።

«አባ፣ መታመሜን መንገር ነበረብኛ፣» አሉ አዴ።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ሲስተር ፀዳለ እጃቸውን ይዛ ቆጠረች፣ እኔም በአንጓቸው አገዝኳት፤ ከደረት የተነሣው ሁሉ ማለት ይቻላል እጅ ደረሰ። «ሂዱ፣» አለች። ለአዴ አንድ አደራ ጨመረችላቸው። ሰው እንዴት ነሽ ሲል እውነቱን ይናገሩ፤ የደበቁት ሕመም ሐኪም አያገኘውም።

ምነው ባላለች ኖሮ። ሱሉልታ ስንደርስ ዘመዱ ሁሉ ተሰልፎ «አከም ቡልተን አዴ?» ሲል እሳቸው ይመልሱ ጀመር። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለ አንገታቸው፣ ስለ ልባቸው፣ ልባቸው ከመታው የትኛው እጅ ላይ እንደሚደርስ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጠው ከኑግ ጋር እንደተመዘኑ። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ሊሞቱ መጥተዋል ብለው አለቀሱ። የኋለኞቹ ሰላምታው እስኪያልቅ ቆመው እግራቸው አበጠ። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ከሩቅ እጅ እየነሣ በታችኛው መንገድ ማለፍ ጀመረ። አያችሁ፣ ደህና ነኝ የምንለው እግዚአብሔርን ለማመስገን ብቻ ሳይሆን ለጎረቤት አዝነንም ነው።

ወደ ማታ ግድም ከመቃብሩ ስንመለስ ሜዳው ዳር ቆሙ። እስከ ተራራው ግርጌ አደይ ነው፤ ነፋሱ ሲያልፍበት ቢጫው ይተኛና ይነሣል። አዴ ዓይናቸውን ከቢጫው አልነቀሉም። መቆማቸው ሲረዝም ያ ያለፈው መስከረም ትዝ አለኝ። የልጆቼ አባትም ፊታቸው ተለዋወጠ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በዚያ ሁሉ ቢጫ መሀል ቆሞ ቢጫ የሚያይን ሰው በምን ትለዩታላችሁ? ቀስ ብዬ ተጠጋሁና ነጠላዬን ከፊታቸው ዘረጋሁት።

«አዴ፣ ነጠላዬ ምን መልክ አለው?»

ነጠላዬን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ ደግሞ ነጠላዬን።

«ነጭ ነበር፣» አሉ፤ «ሳሙና ቢያገኝ ኖሮ።»

የልጆቼ አባት ሚስታቸው በሰው ፊት እንደዚያ ስትሰደብ ሰምተው ባርኔጣቸውን አወለቁና አማተቡ። እኔም አማተብኩ።